የኦገሩ ሁለት፣ የጥላዎቹ ግማሽ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወንድሜና ለሦስት የአክስቴ ልጆች ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን የዳይስና የትረካ ጨዋታ አጫውታለሁ። ዱንጅን ማስተሯ፣ ማለትም ታሪኩን የምመራውና ጭራቆቹን የማጫውተው፣ እኔ ነኝ፣ የምጠቀመውም የ2014ቱን እትም ነው። ልጆቹ ሌቭል 3 ደርሰዋል። በቀደም ኦገር የሚባል አንድ ግዙፍ ጭራቅ አመጣሁባቸው። ቻሌንጅ ሬቲንጉ፣ ማለትም የከባድነቱ ቁጥር፣ 2 ነው። በሦስት ራውንድ (ሁሉም ተራ በሚያገኝበት ዙር) ጨረሱት። በሳምንቱ ጥላ የሚባሉ ስድስት ጭራቆች አስገባሁ። የእያንዳንዳቸው ሬቲንግ ግማሽ ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች ወደቁ። የትንሹ ልጅ ካራክተር፣ ጠንቋዩ፣ ጉልበቱ ዜሮ ደርሶ ሞተ፣ ልጁም አለቀሰ። ቁጥሩ ካልታመነ ምኑን ልመን?
ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን አይዞህ በይልኝ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ያንቺም አይደለም። ግማሽ የሚል ቁጥር ያየ ሰው ሁሉ ቀላል ነው ብሎ ያስባል።

ጨዋታው ከ1974 ጀምሮ አለ። ቻሌንጅ ሬቲንግ የሚባለው ነገር ግን የመጣው በ2000 ከወጣው ሦስተኛው እትም ጋር ነው። አንቺ በያዝሽው እትም ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ አራት ያረፉና በደንብ የታጠቁ ተጫዋቾች፣ ሌቭላቸው ከጭራቁ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ፣ ማንም ሳይሞትባቸው ያሸንፉታል። ልብ በይ፣ ቁጥሩ የተለካው ለአንድ ጭራቅ ነው። ስድስት ሆነው ሲመጡ ምን እንደሚሆን እሱ አይነግርሽም።

እስቲ እጅ እንቁጠር። ኦገሩ በአንድ ራውንድ አንዴ ብቻ ይመታል። አርመር ክላሱ (ለመመታት አስቸጋሪነቱ) 16 የሆነን ልጅ ለመምታት፣ ጭማሪው ሲታሰብለት፣ ሃያ ፊት ባለው ዳይስ ላይ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ይህ 55 በመቶ ነው። ሲያገኝ በአማካይ 13 ይጎዳል። ስለዚህ በራውንድ ወደ 7 ገደማ ነው የሚያደርሰው። ልጆችሽ ደግሞ አራት ሆነው አራት ጊዜ ይመቱታል። ጥላ ግን ለዚያው ልጅ 12 ያስፈልገዋል፣ ማለትም 45 በመቶ። ሲያገኝ በአማካይ 9 ይጎዳል። ስድስቱን አንድ ላይ ስታስቢው በራውንድ ወደ 24 ይሆናል። ከኦገሩ ሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ይህን ሳይናገር አልቀረም። የተናገረው ሌላ ገጽ ላይ ነው። የአንድ ጥላ ኤክስፒ፣ ማለትም ሲሸነፍ የሚያስገኘው ነጥብ፣ 100 ነው። ስድስት ሲሆኑ 600፣ ከሦስት እስከ ስድስት ለሚሆኑ ጭራቆች ደግሞ በ2 ይባዛል፣ 1,200። ለአራት ሌቭል 3 ተጫዋቾች ከባድ የሚባለው ከ900 ይጀምራል፣ ገዳዩ ከ1,600። ኦገሩ ግን 450 ነው፣ ገና መካከለኛ እንኳ አልደረሰም። በ2024ቱ መጽሐፍ ይህ ማባዣ ቀርቷል። ወደዚያ ከተሻገርሽ እጅ መቁጠሩን ራስሽ ያዢው።

ስሌቱ ጭራሽ የማይይዘው ነገርም አለ። እሱን ለመናገር የራሴን ልንገርሽ።

ሌቭል 2 ለሆኑ ጓደኞቼ ኢንቴሌክት ዲቫውረር የሚባል አእምሮ የሚበላ ጭራቅ ያመጣሁበት ቀን ነበር። ሬቲንጉ 2፣ ሂት ፖይንቱ (የሕይወቱ ነጥብ) 21 ብቻ ነው። ከጓደኞቼ አንዷ ባርባሪያን፣ ማለትም በመጥረቢያ የሚዋጋ ጉልበተኛ፣ ትጫወት ነበር። የካራክተሯን ወረቀት በላጲስ እየፋቀች ደጋግማ ስለጻፈችበት መሃሉ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ብልህነቷ 8 ነው፣ ስለዚህ ለማምለጥ ዳይሷ ላይ 13 ያስፈልጋታል። 5 መጣላት። እኔ በተራዬ ሦስት ባለ ስድስት ፊት ዳይሶች ወረወርኩ፣ 11 ሆነ። 11 ከ8 ስለሚበልጥ ብልህነቷ ዜሮ ገባ። በሚቀጥለው ተራ ጭራቁ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ገላዋን ወሰደ። መጥረቢያዋን አንዴ እንኳ አላነሳችም። ወረቀቷን ሁለት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምንም አላለችም። እስከ ዛሬ ያቺ ወረቀት ስትታጠፍ ይታየኛል።

ሬቲንግ ሲሠራ በዋናነት የሚታየው ጭራቁ በሦስት ራውንድ ስንት እንደሚጎዳና ስንት ጉዳት መቋቋም እንደሚችል ነው። ከሂት ፖይንት ውጪ የሚወስደው ነገር እዚያ ውስጥ በደንብ አይገባም። የአንቺም ጥላዎች እንዲሁ ናቸው። በመቱ ቁጥር ከጉልበት ከ1 እስከ 4 ይቀንሳሉ። ጠንቋይ ደግሞ ጉልበት የለውም፣ ብዙ ጊዜ 8 ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከተነካ አለቀለት። በዚያ ላይ ተራ ሰይፍ ግማሽ ብቻ ነው የሚጎዳቸው።

እኔ አሁን ጭራቅ ስመርጥ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። በፊት እጆቹን እቆጥራለሁ። ከዚያ የሚወስደውን ነገር አነባለሁ፣ ጉልበት ከሆነ ጉልበት፣ ብልህነት ከሆነ ብልህነት። የልጆቹን ወረቀት ገልጬም በዚያ ነገር ከሁሉም ደካማው ማን እንደሆነ አያለሁ። የሚገደለው እሱ ነውና። ብዙ ከሆኑ ደግሞ አንድ ላይ አላስገባቸውም። ሦስቱ መጀመሪያ ይምጡ፣ የቀሩት በር ላይ ይቆዩ። ልጆቹ ከከበዳቸው በሩ ሳይከፈት ይቀራል።

አሁን ወደ ትንሹ። በጥላ ጉልበቱ አልቆ የሞተ ክፉ ያልሆነ ሰው፣ ከ1 እስከ 4 ባለው ሰዓት ውስጥ ከሬሳው አዲስ ጥላ ይነሳል። ይህ መጽሐፉ ላይ ያለ ደንብ ነው። ቅዳሜ ያንን ባለ አራት ፊት ዳይስ ለልጁ ስጪው፣ የጠንቋዩ ጥላ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ራሱ ይወርውር። አዲስ ካራክተር ይሥራ፣ ከተቻለ በብርሃን መምታት የሚችል ክሌሪክ (ካህን)። ጥላ ለብርሃን ጉዳት ስስ ነው፣ እጥፍ ይጎዳዋል። ከሌሎቹ ሦስት ጋር ሆኖ ያንን ጥላ ፈልጎ ያግኘው። ጉልበቱ ከ8 ቢበልጥ ይሻለዋል። በዚህ ጊዜ ጥላው አንድ ነው፣ እጁም አንድ።