ስለ አፄ ቴዎድሮስ ጠይቃችሁኛል፤ እነሆ መልሴ

ስለ አፄ ቴዎድሮስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ስለ አሟሟታቸው ነው። እኔን ግን የወታደር ቀለብ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነት የኮሶ ሻጭ ልጅ ናቸው?

ጠላቶቻቸው የሚሰድቧቸው እንደዚያ እያሉ ነበር። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ መኳንንት ወገን ናቸው። ደጃዝማች ክንፉም የቅርብ ዘመዳቸው ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ከባላቸው ከተለያዩ በኋላ ተቸግረው ኮሶ ሸጡ ይባላል። ቢሸጡስ? ያኔ መኳንንቱም ኮሶ ይጠጣ ነበር። ልጅን በላብ ማሳደግ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ሽፍታ የነበረ ሰው እንዴት ነገሠ?

እያሸነፈ። ኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ ሰኔ 1845 አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ የካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። ውቤ ሊነግሡባት ባሳነጿት በደረስጌ ማርያም አቡነ ሰላማ ካሳን ቀብተው ቴዎድሮስ አሏቸው።

ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ ግን በ1840 ደባርቂ ላይ የደረሰባቸው ሽንፈት ብዙ ያስተማራቸው ይመስለኛል። ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው መድፍ ምን እንደሚያደርግ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ወዲህ መድፍ ከልባቸው አልወጣም።

ጥያቄ፦ "አዲስ ሥርዓት አመጡ" ሲባል እሰማለሁ። በተግባር ምን ሠሩ?

የምወደው ጥያቄ ይኼ ነው። ትንሽ ልዘርዝረው።

በዘመነ መሳፍንት ወታደር ደሞዝ የለውም። ባላገሩ ቤት ገብቶ ይሰፍራል፤ እህሉን ይበላል፣ በሬውን ያርዳል። ጌታ በተለዋወጠ ቁጥር ገበሬው እንደ አዲስ ይዘረፋል። አፄ ቴዎድሮስ ይህን በልጅነታቸው አይተውታል። ሲነግሡ ሁሉም ወደየሥራው እንዲመለስ አወጁ፤ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ነው ነገሩ። ወታደሩ ደግሞ ከመንግሥት ደሞዝና ቀለብ እንዲያገኝ አሰቡ። የየአገሩን ሰው በአንድ ጦር ቀላቀሉ፤ ወታደሩ ለአገሩ መኳንንት ሳይሆን ለንጉሡ እንዲታዘዝ ነው። ዛሬ አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻለቃ የምንላቸው ማዕረጎች ከዚያ ዘመን ጋር ይያያዛሉ።

ደሞዙ ግን ከየት ይምጣ? ሰፊው መሬት የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ግብር አይከፍልም። ንጉሡ "ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የቀረው መሬት ለግብር ከፋይ ገበሬ ይሰጥ" የሚል ሐሳብ አመጡ። ካህናቱ ተቆጡ። ንጉሡ መጀመሪያ ለዘብ አሉ፤ በ1852 ግን ሐሳቡን ወደ ተግባር አወረዱት። እዚህ ጋ ነገሩ ተበላሸ። የቀባቸው ቤተ ክህነት ፊቱን አዞረባቸው፤ በየጠቅላይ ግዛቱ የሸፈተው መኳንንትም ሰበብ አገኘ። ዓመፅ ሲበዛ ዘመቻ በዛ። ዘመቻ ሲበዛ ቀለብ አነሰ። ቀለብ ሲያንስ ያ ከገበሬው ቤት ሊያስወጡት የፈለጉት ወታደር ተመልሶ የገበሬውን ጎተራ ገለበጠ፤ አሁን በእሳቸው ትእዛዝ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ከጀርባው ግን ገንዘብ የለም፣ ሹም የለም፣ የሚታገሥ ጊዜም አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጨካኝ ነበሩ የሚሉትስ?

ነበሩ። እወዳቸዋለሁ ብዬ አልሸፋፍንም። በተለይ ከእቴጌ ተዋበች ሞት በኋላ ቁጣቸው ገደብ አጣ። በ1859 ጎንደርን አዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። እስረኞችን ከገደል አስወርውረዋል። የጎንደር ሰው ይህን ቢያነሳ ቅር ሊለን አይገባም፤ የአያቶቹ ቤት ነው የነደደው።

ጥያቄ፦ አንድ ደብዳቤ ባይመለስ ጦርነት ይነሳል እንዴ?

ደብዳቤው መነሻ ሆነ እንጂ ብቻውን አይደለም። በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ የፈለጉት ወዳጅነትና የእጅ ጥበብ ነበር። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። የእንግሊዙ ቆንሲል ካሜሮን በሱዳን በኩል ዞሮ ባዶ እጁን ሲመለስ ጠላቶቻቸው ከሆኑት ከቱርኮች ጋር የመከረባቸው መሰላቸው። በ1856 አሰሩት። መልስ ይዞ የመጣው ራሳም ሳይቀር ኋላ ታሰረ። እንግሊዝም በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ከህንድ ላከች፤ 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ መጡ። የትግራዩ ካሳ፣ የኋላው አፄ ዮሐንስ፣ መንገድ ለቀቁላቸው።

ጥያቄ፦ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተተኩሶ ያውቃል?

ለጦርነቱ አልጠቀመም። እኔ ግን የማደንቀው ጉዞውን ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችና የእኛ ልጆች አብረው ይሠሩ ነበር። ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነውን ያን ብረት ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መንገድ የለም፤ ገደሉን እየቆፈሩ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ ነው የሄዱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። መድፉ ዛሬም መቅደላ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት አምሳያው ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻዎቹን ቀናት በአጭሩ ንገረን።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ ዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ጦራቸው ተሰበረ። ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያው ወደቀ። ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ የሞቱት ሁለት ናቸው። ጀግንነት ሳያንስ መሣሪያው ነው የለየው። ንጉሡ አውሮፓውያን እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጄን ግን አልሰጥም አሉ። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ንግሥቲቱ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ጥያቄ፦ ለአማርኛ ያደረጉት ነገር አለ?

አለ። ከእሳቸው በፊት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። የእሳቸው በአማርኛ ተጻፈ፤ ደብዳቤያቸውም በአማርኛ ነው።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። ልጆቼን ይዤ ምን ላሳያቸው?

እህቴ፣ ዊንዘር ውሰጃቸው። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ ኅዳር 1872 ሊድስ ከተማ ሲሞት ገና 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው በዊንዘር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። መታሰቢያው ላይ "እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ" የሚለው የወንጌል ቃል ተጽፎበታል። በ2015 አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን መቃብር ያናጋል ብሎ አልፈቀደም።

የአባቱ የጸጉር ቁንጮ ግን በ2011 ወደ አገሩ ገብቷል። ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ የመቅደላ የብራና መጻሕፍት አሉ፤ ብዙዎቹ ንጉሡ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው ናቸው። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን 11 ታቦታት ማየት አይቻልም። ተሸፍነው ተቆልፎባቸዋል፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ልጆችሽን በሕንፃው ደጃፍ አቁመሽ "ከዚህ ውስጥ ናቸው" በያቸው።