ፈራሚና ከፋይ

ሰኔ በመጣ ቁጥር አሁንም ሆዴ ይረበሻል። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ሪፖርት የሚጠይቀኝ የለም። ግን ከሰላሳ ዓመት በላይ በመንግሥት ፋይናንስ ክፍል የሠራ ሰው ሰኔ 30ን እንደ ተራ ቀን ማየት አይሆንለትም። በጀት የሚዘጋው ያን ቀን ነዋ።

ልጆቼ፣ በተለይ አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ ተምራችሁ እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ሥራ የምትጀምሩት፣ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ጥፋቴን ልናዘዝ።

አንድ ዓመት፣ ሰኔ 20 ገደማ፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አስጠራኝ። «ዕቃ ግዥ ላይ ስንት ቀረን?» አለኝ። ነገርኩት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ተመላሽ ሊሆን ነው እኮ!» በአንድ ቀን ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ሁለት ትልልቅ የፎቶኮፒ ማሽኖች ተገዙ። ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ተቆረጠ፣ ክፍያው ወጣ፣ እኔም ፈረምኩ። ማሽኖቹ የገቡበት ክፍል የመብራት መስመር ግን እነሱን አይችልም ነበር። ከነካርቶናቸው ግድግዳ ሥር ቆሙ። ቆይቶ ሰው ጃኬቱን ይሰቅልባቸው ጀመር።

ማንም አልሰረቀም። ሰነዱ ንጹሕ ነው። ኃላፊውም ክፉ ሰው አልነበረም። ያልተጠቀምንበት ብር ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት «አምናም አልጨረሳችሁ» ተብሎ ይቀነስብናል። መቆጠብ የሚያስቀጣ፣ መጨረስ የሚያስመሰግን ሆኖ ነው የተሠራው። ያን ቀን የፈረምነው አራት ነበርን። ከአራታችን አንዳችንም ከኪሱ አምስት ሳንቲም አላወጣም። የከፈለው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ነገሬ ይኸው ነው። ፈራሚውና ከፋዩ ሲለያዩ ምን እንደሚመጣ።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልውሰዳችሁ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሆጤ ባለው ቅሬያችን ብዙ ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ደንቡን ያወጡት አባቶች የመንግሥት ፋይናንስ አልተማሩም፤ ግማሾቹ ፊርማቸው አሻራ ነበር። ሆኖም ሰብሳቢው ከተወሰነ ብር በላይ ያለ ጉባኤ እንዳያወጣ አድርገዋል። ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አብረው ካልፈረሙ ብር አይወጣም። ተቆጣጣሪው የሁለታችንም ዘመድ አይሆንም። ሰውን ስላልወደዱት አይደለም፤ ሰውን ስለሚያውቁት ነው።

አንድ ጊዜ ሰብሳቢያችን፣ እጅግ ደግ ሰው፣ አዳራሽ እንሥራ አሉ። ገንዘቡን እንበደርና በአሥራ አምስት ዓመት መዋጮ እንከፍላለን። ሐሳቡ ያምራል። እኔም ወድጄው ነበር። ቡና አቅርበው ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን እጃቸውን አወጡ። «አሥራ አምስት ዓመት ስትል እኔ የለሁም። አንተም ላትኖር ትችላለህ። ታዲያ ማንን ነው የምታስፈርመው?» ሰው ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቁ። አዳራሹ ቀረ፤ ባለን ብር ድንኳንና ወንበር ገዛን። ድንኳኑ፣ በነገራችን ላይ፣ ክረምት ያፈሳል። ፍጹም ውሳኔ ነበር እያልኳችሁ አይደለም።

የእኚያን እናት ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ ከትልልቅ ነገሮች ጎን እያስቀመጥኩ አየዋለሁ።

ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ውጫሌን ታልፋላችሁ። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ያልሰማ ተማሪ የለም። የሚያዝያ 1881ቱን ውል ተከትሎ በመስከረም 1882 ጣሊያን አገር ተጨማሪ ስምምነት መፈረሙን ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ራስ መኮንን ነበሩ የሄዱት። በዚያ ስምምነት ከጣሊያን 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተገኘ። መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። አፄ ምኒልክ በኋላ ውሉን ሲያፈርሱ ብድሩንም መለሱ። እኔን የሚገርመኝ፣ በትምህርት ቤት ስለ አንድ ቃል ትርጉም ስንከራከር አደግን፤ ስለ መያዣው ግን ማንም አላስተማረንም። በጊዜው ባይመለስ ኖሮ የሐረር ኬላ ቀረጥ የማን ይሆን ነበር?

ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። በ1996 ኢትዮጵያ ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የወጣውን የዕዳ ስረዛ መርሐ ግብር ጨረሰች። ብዙ ዕዳ ተሰረዘላት። ቢሮ ውስጥ ደስ ብሎን ሻይ ተጋበዝን። እንደገና ንጹሕ መዝገብ! ከዚያ አሥር ዓመት ብቻ አልፎ፣ በታኅሣሥ 2007፣ አገራችን የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ፣ ማለትም በዶላር የምትበደርበትን የዕዳ ሰነድ፣ ለዓለም ገበያ ሸጠች። ወለዱ 6.625 በመቶ፣ ዋናው ገንዘብ በአሥር ዓመት የሚመለስ። ሒሳቡን እስቲ ሥሩት። በዓመት 66 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ፣ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን። ያኔ አሥር ዓመት ሩቅ ይመስል ነበር። በታኅሣሥ 2016 የዚያ የ33 ሚሊዮኑ ተራ ሲደርስ አልተከፈለም። መንግሥት ሁሉንም አበዳሪ እኩል ለማስተናገድ ነው አለ። ምክንያቱ ይኑር አይኑር፣ ስማችን ዕዳውን በጊዜው ካልከፈሉ አገሮች ተርታ ገባ። በ2007 ከፈረሙት ውስጥ ብዙዎቹ በ2016 ወንበራቸው ላይ አልነበሩም።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ባቡሩ አለላችሁ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ግድም የተመደበለት። የቱርክ ኩባንያ ሠራው፤ ገንዘቡ የቱርክ ኤግዚም ባንክና ክሬዲት ስዊስ ያስተባበራቸው አበዳሪዎች ብድር ነው። ሥራው በ2007 ሲጀመር እኔም ሐርጎን ወርጄ ሄጄ አይቻለሁ። ዋሻው ሲቆፈር አይቼ ኮርቻለሁ፣ አልዋሽም። ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ግን በጊዜው አልደረሰም። መደበኛ ሥራ ሳይጀምር በ2014 ጦርነቱ እኛው ላይ መጣ፤ ሐዲዱም ንብረቱም ተጎዳ። ጦርነቱን ማንም አላቀደውም፤ እሱን ለብቻው ላስቀምጠው። የኃይሉ ነገር ግን ሐዲዱ ሲፈረም አብሮ መጠየቅ የነበረበት ነው። ሐዲድ ያለ መብራት፣ ፎቶኮፒ ያለ መብራት። ልዩነቱ የዜሮዎቹ ቁጥር ነው።

ዶላር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ2007 አንድ ዶላር 20 ብር ግድም ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር ደርሶ ነበር። በዚያ ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ያው የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ መጀመሪያ 20 ሚሊዮን ብር ነበር፤ አሁን ከ100 ሚሊዮን በላይ ይፈልጋል። አንድም ሰው አዲስ ብድር አልፈረመም። ዕዳው ተኝቶ አደገ።

የውጭ ብድር ቢያንስ በዜና ይነገራል። የአገር ውስጡ ነው ድምፅ የማያሰማው። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር ላይ 27 በመቶውን እያሰሉ የብሔራዊ ባንክ የዕዳ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ሲጀመር ሰነዱ የሚከፍላቸው ወለድ 3 በመቶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ያኔ ብድር ፈልጎ ፒያሳ ባንክ በር ላይ የሚመላለስ ነጋዴ «ለምን አነሰኝ?» ሲል ማንም ይህን አይነግረውም ነበር። ግብር ነው ብሎ ያጸደቀው ምክር ቤትም አልነበረም። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደርም እንዲሁ ነው። ገንዘቡ ይበዛል፣ ጤፉ ያው ነው፣ የእናታችሁ ዘንቢል ይቀላል። ይሄ በደረሰኝ የማይሰበሰብ ግብር ነው፤ እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ግብሮች ሁሉ አድሏዊው። ባለ ፎቁን አይነካውም፤ ፎቁ አብሮ ይወደዳል። ጡረተኛውን ግን ደህና አድርጎ ይነካዋል። ከራሴ ነው የምናገረው።

መንግሥት አይበደር እያልኩ አይደለም። አብሽሩ። እኔ ራሴ በመንግሥት ብር የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያለ መንግሥት መንገድ ማን ይሠራል? ጥሩ ብድር አለ። ራሱን የሚከፍል ብድር አለ። ቢሮ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባልደረባ ነበረን፤ «ካፒታል በጀት ሠርግ ነው፣ መደበኛ በጀት ትዳር ነው» ይል ነበር። ጤና ጣቢያ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። የነርሷ ደመወዝ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ግን በየዓመቱ ይመጣል። ለሠርጉ ሁሉም ይፈርማል።

የፈራሚ ሥልጣን ገደብ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም፤ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ 7 ገንዘብ ማተምና መበደርን ለፌዴራሉ ይሰጣል፤ ክልሎች ከአገር ውስጥ እንዴት እንደሚበደሩም እሱ በሕግ ይወስናል። በጀቱን የሚያጸድቀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተርን አቁሟል፤ ሪፖርቱም ለዚያው ምክር ቤት ይቀርባል። ገደቡ አለ። ከኛ ቅሬ ደንብ የሚለየው፣ ቅሬው ላይ ጠያቂዋ እዚያው ቡና ይዘው ተቀምጠው ነበር።

እና ምን አድርጉ ነው የምላችሁ? ወረዳችሁ በር ላይ በጀት ሲለጠፍ ቆማችሁ አንብቡ፤ ሰው ምን ሆኖ ነው ቢላችሁም። የኦዲተር ሪፖርት ሲወጣ ተሰብሳቢ ሒሳብ የሚለውን፣ ወጥቶ ገና ያልተመለሰውን ገንዘብ የሚያሳየውን፣ ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ ነገር የሚደበቀው እዚያ ነው። ነገ ፈራሚ ስትሆኑ ደግሞ፣ ትሆናላችሁም፣ ከብዕሩ በፊት ማን እንደሚከፍል፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፍል፣ ዕቃው ከገባ በኋላ የሚበላው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ኃላፊያችሁ ይበሳጫል። ይበሳጭ።

ቀላል ነው አልልም። አምና ሰኔ፣ ድሮ አብራኝ የሠራች ልጅ ደወለች። «ጋሼ፣ ብር ተርፎናል። ግዢ ፈርሚ እያሉኝ ነው። ምን ላድርግ?»

«ይመለስ» አልኳት።

«በሚቀጥለው ዓመት ቢቀንሱብንስ?»

ዝም አልኩ። እኔ በሷ ዕድሜ ፈርሜ ነበር፤ ምን አፍ አለኝ? እሷ ግን አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፋ፣ ግዢው የማያስፈልግበትን ምክንያት አስረድታ፣ ለኃላፊው ሰጠች። ብሩ ተመለሰ። ዘንድሮ በጀታቸው ተቀነሰ።

ሰሞኑን ደግሞ ደውላ ነበር። ስለ በጀቱ አላነሳችም። እናቷ ቅሬያችን ውስጥ ናቸው፤ የድንኳኑ ሸራ መቼ እንደሚጠገን ነው የጠየቀችኝ።