ከጠበል መልስ ያለው አደጋ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጫት ቅሞ ሲጨርስ ትራማዶል ይውጣል፣ ከዚያ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር፣ ይወጣል። ሁለት ወር ጠበል ቆይቶ ደህና ሆኖ ነበር የመጣው። ሰሞኑን ግን ፒያሳ አካባቢ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ማምሸት ጀምሯል። እናቴ ቤት እንቆልፍበት ትላለች። እኔ ቢያንስ ከመጠጥ ጋር አትቀላቅል ልለው አስባለሁ፣ ግን እንደፈቀድኩለት እንዳይቆጥረው ፈራሁ። (ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ንገሪው እህቴ። ዛሬውኑ ንገሪው። የአንቺን ፈቃድ ጠብቆ የሚውጥ ሰው እኮ አይደለም።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር አለ። አንድ ሰው አቁሞ ቆይቶ ሲመለስ ያለው ጊዜ ከሁሉም የከፋ ነው። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው፣ የሞርፊን ዘመድ። ሰውነት ሲለምደው ብዙ ክኒን ይችላል፣ ሁለት ወር ሲርቀው ግን ያ መቻል ይጠፋል፤ ልጁ የሚያስታውሰው የድሮውን ቁጥር ስለሆነ ያንኑ ይውጥና ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። መጠጥ ወይም ዳያዜፓም የሚባለው የማረጋጊያ ክኒን ሲጨመርበት ይብሳል። ጨብሲ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፦ ምርቃናው እስካለ ምን ያህል እንደጠጣ አይታወቀውም፣ ምርቃናው ሲበርድ ክኒኑና አልኮሉ ተጋግዘው ይጥሉታል። ትራማዶል ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ማንቀጥቀጥም አለው።

ስለዚህ "ተው" በይው፣ ግን እዚያ ላይ አታቁሚ። ቢሸነፍ እንኳ የድሮውን መጠን እንዲረሳው፣ ከመጠጥ ጋር እንዳያደርገው፣ ብቻውን በር ዘግቶ እንዳይወስድ ንገሪው።

አንድ ማታ ቢያንኮራፋና ብትቀሰቅሱት እምቢ ቢል፣ ትንፋሹ ቢዘገይ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ቢጠቁር "ይተኛበት" ብላችሁ እንዳትተዉት። በጎኑ አስተኙትና 907 ደውሉ፣ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን ሆስፒታል አድርሱት። ወተት በአፉ እንዳታደርጉ፣ ራሱን የሳተ ሰው ትን ይለዋል። ትንፋሹን የሚመልስ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ግን ኃይሉ ቶሎ ያልቃል፤ ነቃ ብላችሁ ወዲያው ወደ ቤት እንዳትመልሱት።

የእናትሽ ጭንቀት ይገባኛል፣ መቆለፉን ግን አልደግፍም። በየቀኑ የሚጠጣ ወይም ዳያዜፓም የለመደ ከሆነ በአንዴ ሲያቆም የሚመጣው መንቀጥቀጥ ሊገድለው ይችላል፣ ይሄ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ የሚደረግ ነገር ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ከዚያ ጀምሩ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ሐኪም ያዘዘለትን ግን ለጠበል ብሎ እንዳያቋርጥ። አብረሽው ግቢ። ጫቱንም መጠጡንም ክኒኑንም አንድ ሳይቀር ይናገር፣ ሐኪሙ የሚያዝለት መድኃኒት ከነሱ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል።