ሰው ተሰልፎ የሚገዛው ቢራ፦ ስንት በርሜል ይሞላ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የሚኖረው ቺካጎ ነው። ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሰፕላይ ቼይን (የአቅርቦት ሰንሰለት) ይማራል፤ ማታ አንድ ሐበሻ በከፈተው ሊከር ስቶር ካሸር ነው። እንዲህ ይላል፦

«በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ማግስት ሰው በዚያ ብርድ ተሰልፎ ቡርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) በነበረበት በርሜል ውስጥ የቆየ ስታውት፣ ማለትም ጥቁር ወፍራም ቢራ፣ ይጠይቀናል። አከፋፋዩ የሚሰጠን ሁለት ካርቶን ብቻ ነው። ባንድ ሰዓት ያልቃል። ባለ ሱቁ ‹ምናለ ቢጨምሩልን› እያለ ይበሳጫል። አምና ደግሞ ከሌላ ጠማቂ በብዛት የመጣልን ተመሳሳይ ቢራ እስከ ፋሲካ ተገትሮ ቀረ። ለመሆኑ ይህን የሚወስነው ማነው? እኔስ እዚህ ሥራ ውስጥ መግባት እችላለሁ? ቢራ ጠመቃ ልማር ወይስ የጀመርኩትን ልጨርስ? እናቴ ‹ተምረህ ተምረህ መጠጥ ውስጥ?› እያለች ነው። አገር ቤት ብመለስስ ይጠቅመኛል?»

ወንድሜ፣ የጀመርከውን ጨርስ። ጠመቃ መማር አያስፈልግህም። አንተን የሳበህ የቢራው ጣዕም ሳይሆን «ስንት ይሠራ፣ ለማን ይድረስ» የሚለው ጥያቄ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከባድም ነው።

ለምን እንደሚከብድ ላስረዳህ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ የምትሸጠው ስታውት በርሜል ውስጥ የገባው አብዛኛውን ጊዜ አምና ነው። ስንት በርሜል ይሞላ የሚለው ያኔ ተወስኗል። ለሰርግ ጠላ የሚጠነስስ ሰው ቢያንስ ስንት ሰው እንደጠራ ያውቃል። ይህኛው ግን የጥሪ ወረቀቱን ሳይበትን ነው የሚጠነስሰው። ጥቅምት ላይ «አነሰኝ» ብሎ መጨመር አይችልም።

በርሜሉ ራሱ ጣጣ አለው። በአሜሪካ ሕግ ቡርቦን የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ እንጨት ዕቃ ነው። ስለዚህ ውስኪ አምራቹ አንዱን በርሜል ለቡርቦን ሁለት ጊዜ አይጠቀምበትም። ለስኮች፣ ለረም፣ ለቢራ ጠማቂዎች ይሸጠዋል። የተለመደው በርሜል 53 ጋሎን ነው፤ ወደ 200 ሊትር ማለት ነው። ባዶውን ብዙ ከቆየ እንጨቱ ይደርቅና ያፈሳል። ስለዚህ በርሜሎቹ በመኪና ሲደርሱ ቢራው ዝግጁ መሆን አለበት፣ መጋዘኑም ቦታ ሊኖረው ይገባል። ወፍራም ስታውት ደግሞ ብቅል ይበላል፣ ታንክ ውስጥም ይቆያል። በዚያ ታንክ በየሳምንቱ ገንዘብ የሚያመጣው ተራ ቢራ ሊጠመቅበት ይችል ነበር።

ከዚያ ዓመት ሙሉ ቁጭ። ከበርሜሉ የተወሰነው ይተናል። ጊዜው ሲደርስ እያንዳንዱ በርሜል ይቀመሳል፤ የኮመጠጠው ይደፋል፣ ደህናው ይደባለቃል። መቶ በርሜል ሞልተህ የመቶ በርሜል ቢራ አታገኝም። የብቅሉ፣ የበርሜሉ፣ የኪራዩ፣ የሠራተኛው ሒሳብ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ሳይሸጥ ተከፍሏል። ለትንሽ ጠማቂ ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ከተማህ ልምጣ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጉስ አይላንድ የሚባለውን የቢራ ጠማቂ ድርጅት ጆን ሆል ቺካጎ ውስጥ በ1988 ከፈተው። ቡርቦን ካውንቲ ስታውት የሚባለውን ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ የሚወጣውም በብላክ ፍራይደይ፣ በዚያው በታንክስጊቪንግ ማግስት ነው። በ2011 ግዙፉ የቢራ ኩባንያ አንሃይዘር ቡሽ ድርጅቱን በ38.8 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ዘወትር የሚሸጡት አንዳንድ ቢራዎች ሌላ ግዛት ባሉ የትልቁ ኩባንያ ፋብሪካዎች መጠመቅ ጀመሩ። ቺካጎ ላይ ለበርሜል ሰፋ ያለ ቦታ ተገኘ። በፊት ጥቂት ሰው ያውቀው የነበረው ቢራ በመላ አገሪቱ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ሲበዛ ምን ይመጣል? በ2015 ከወጡት ጠርሙሶች ከፊሎቹ ላክቶባሲለስ በሚባል ባክቴሪያ ተበላሹ፣ ኮመጠጡ። ኩባንያው ለገዢዎች ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። ከ2016 ጀምሮ ቢራውን ፓስቸራይዝ ማድረግ (በሙቀት ባክቴሪያ መግደል) ያዙ። አየህ፣ የአቅርቦት ጥያቄ ሲባል ስንት ካርቶን ይምጣ የሚለው ብቻ አይደለም። ላቦራቶሪውም የዕቅዱ አካል ነው።

ከሐይቁ ማዶ ሚሺጋን ውስጥ፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ፣ ፋውንደርስ የሚባል ጠማቂ አለ። ኬቢኤስ የሚባለውን ስታውት ከከተማው በታች ወደ 26 ሜትር ጥልቀት ባለ የድሮ የጂፕሰም ማውጫ ዋሻ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ዋሻው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ለማቀዝቀዣ ብዙ አይወጣም። ለዓመታት በዓመት አንዴ፣ በጸደይ፣ በትኬት ጭምር ነበር የሚሸጠው። ኋላ ግን ዓመቱን ሙሉ እንዲገኝ አደረጉት። ሰልፉ ቀረ፤ በምትኩ የማያቋርጥ ሽያጭ አገኙ። የቢራ ወዳጆች «አረከሱት» አሉ። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። በዓመት አንድ ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ከመኖር በየወሩ መሸጥ ለሠራተኛ ደመወዝ ይሻላል።

ካሊፎርኒያ ያለው ዘ ብሩሪ ሌላ መንገድ ያዘ። አባላት ቀድመው ከፍለው ይመዘገባሉ፤ ብላክ ቱዝደይ የሚባለውን ከባድ ስታውትና ሌሎችንም የመግዛት መብት ያገኛሉ። ጠማቂው ቢያንስ ከፊሉን ፍላጎት ሳይጠምቅ ያውቀዋል ማለት ነው። (መሥራቹ ፓትሪክ ሩ የተማረው ሕግ ነበር። ይህን ለእናትህ ባትነግራት ይሻላል።) ከቺካጎ ብዙም የማይርቀው ስሪ ፍሎይድስ ደግሞ፣ መንስተር ኢንዲያና ያለው፣ ዳርክ ሎርድ የሚባለው ስታውቱ ለሚሸጥበት ቀን አስቀድሞ ትኬት ይሸጣል። ትኬት የያዘ ጠርሙሱን ያገኛል።

«ዋጋውን ለምን አይሰቅሉትም?» ትለኝ ይሆናል። የኢኮኖሚክስ መጽሐፍህ እንደዚያ ነው የሚለው። ጠርሙሱን ገዝቶ በጓሮ በእጥፍ የሚሸጥ ሰው መኖሩን ጠማቂውም ያውቃል። ግን ዓመቱን ሙሉ የሚገዛውን ደንበኛ ማስቀየም አይፈልግም። ያ ብርቅ ጠርሙስ ሰውን ወደ ሱቁ ያመጣዋል፤ ሌላውን ቢራም ያሸጣል።

እና ሁለቱን ካርቶን ማን ወሰነ? ጠማቂው አይደለም። በ1933 የመጠጥ እገዳው ሲነሳ አብዛኞቹ ግዛቶች ጠማቂ፣ አከፋፋይ፣ ቸርቻሪ የሚባል ሦስት ደረጃ ሥርዓት ዘረጉ። ጠማቂው ለአከፋፋዩ ይህን ያህል ይሰጣል፤ ለየሱቁ የሚደለድለው አከፋፋዩ ነው። «ያንን ካልገዛህ ይህን አልሰጥህም» ማለት በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው። ያለፈ ሽያጭህን አይቶ ኮታ ማውጣት ግን የተለመደ ነው። አከፋፋዩ ቢሮ ቁጭ ብሎ ይህን ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው አለ። እኔ አንተን የማይህ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

አሁን ስለ ባለ ሱቁ ምሬት። አንድ ጠጪ ያንን ቢራ ሲፈልግ ለስድስት ሱቅ ይደውላል። ስድስቱም ሱቅ «ጠያቂ አለን» ብሎ ይመዘግባል። ባለ ሱቁ ሁለት ካርቶን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ አስር ያዛል። አከፋፋዩ የሁሉንም ትእዛዝ ደምሮ፣ ትንሽም ጨምሮ፣ ለጠማቂው ይልካል። ጠማቂው ቁጥሩን ያይና በሚቀጥለው ዓመት በርሜሉን ያበዛል። ከዓመት በኋላ ቢራው ሲመጣ ያ ስድስት ቦታ የደወለው ሰው አንድ ነው፤ የሚገዛውም አንድ ጠርሙስ ነው። እስከ ፋሲካ የተገተረው ያንተ ካርቶን እንዲህ ሆኖ የመጣ ቢሆን አይገርመኝም። ኮሌጅ ውስጥ ቡልዊፕ ኢፌክት ብለው ያስተምሩሃል። አንተ ካሸር ላይ ቆመህ በዓይንህ አይተኸዋል።

ስለዚህ በእጅህ ያለውን ነገር አትናቀው። ጠማቂው ከበሩ የወጣውን ያውቃል። አከፋፋዩ ወደ ሱቅ ያደረሰውን ያውቃል። ከመደርደሪያ ስንት ቀን ውስጥ እንደተነሳ መጀመሪያ የሚያውቀው ግን ያንተ ማሽን ነው። ባለ ሱቁን አስፈቅድ። ከዚያ ያለፉትን ዓመታት ሽያጭ ከማሽኑ አውጥተህ ኤክሴል ላይ አስቀምጥ፦ የትኛው ቢራ፣ መቼ መጣ፣ ስንት መጣ፣ በስንት ቀን አለቀ፣ ዋጋው ስንት ነበር። የደንበኛ ስም አታስገባ። ዘንድሮ ደግሞ «አለ?» ብሎ የጠየቀውንና ከሳምንት በኋላ ተመልሶ በእርግጥ የገዛውን ለየብቻ ቁጠር። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዘኸው የምትገባው ወሬ ነው።

ስለ ሰርተፍኬት ብዙ አልልም። ሲስሮን የሚባለው የቢራ ዕውቀት ፈተና የመጀመሪያ ደረጃው ኦንላይን ነው፤ ቋንቋቸውን ለመልመድ ይጠቅምሃል። አንተን ቅጥር ላይ የሚለይህ ግን ሲፒአይኤም ነው፤ የምርትና የክምችት ዕቅድ ሰርተፍኬት። የሚሰጠው ኤኤስሲኤም የሚባል የሰፕላይ ቼይን ሙያ ማኅበር ነው፤ ዋና ቢሮው እዚያው ቺካጎ ነው። ኮሌጅህን ጠይቅ፤ ለተማሪ የሚቀንሱት ነገር ካለ ይነግሩሃል።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። ክራፍት ቢራ፣ ማለትም የትንንሽ ጠማቂዎች ቢራ፣ አሁን የሚያብብበት ጊዜ ላይ አይደለም። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ከተከፈቱት የተዘጉት ጠማቂዎች በዝተዋል። ትንሽ ጠማቂ ጋ ዕቅድ አውጪ የሚባል ሠራተኛ የለም፤ ዋናው ጠማቂ ማታ ማታ ላፕቶፑ ላይ ይሠራዋል። ስለዚህ የምወደውን ቢራ የሚሠሩት ጋ ካልገባሁ አትበል። ማመልከቻህን አከፋፋዮች ጋ አስገባ፣ ትልልቆቹም ጋ። መጀመሪያ መጋዘን ሊያስገቡህ ይችላሉ። አንድ ትልቅ ሙሉ ኬግ (የብረት የቢራ በርሜል) ወደ 73 ኪሎ ይመዝናል፤ ወገብህን ጠብቅ፣ አነሳሱን ሳትማር አትንካው። መጋዘን ውስጥ ዓመት የሠራ ዕቅድ አውጪ ወረቀት ላይ ብቻ ከሚያውቀው በእጅጉ ይበልጣል። ቢራው ባይሆንልህ እንኳ ይህ ችሎታ ለወይን፣ ለቡና፣ ለመድኃኒት ማከፋፈያ ሁሉ ይሠራል።

አገር ቤትን በተመለከተ፣ እዚያ በብዛት የሚሸጠው ላገር የሚባለው የተለመደው ቀላ ያለ ቢራ ነው፤ በርሜል ውስጥ ዓመት አይቀመጥም። የዕቅዱ ራስ ምታት ግን አለ፤ መልኩ ነው የሚለየው። ጾም ሲገባ ሽያጭ ይቀዘቅዛል፣ ለፋሲካና ለሰርግ ወቅት ይፈላል። ባዶ ጠርሙስና ሳጥን ካልተመለሰ ደግሞ ቢራው ኖሮም አይወጣም። ብትመለስ ሥራ አታጣም፤ ግን እዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተህ ብትሄድ ተደማጭ ትሆናለህ።

እናትህን አትዋሻት። «ሎጂስቲክስ ነው» ብለህ አትሸፋፍነው፣ ኋላ ስትሰማ ይከፋታል። ሥራው ምን እንደሆነ ቁጭ ብለህ አስረዳት። ሃይማኖትህ ራስህን የሚከለክልህ ከሆነ ግን ሳትገባበት አሁኑኑ ወስን። ውሃና ለስላሳ የሚያከፋፍሉ ድርጅቶችም ይህንኑ ሥራ ያሠራሉ።

የአከፋፋዩ ሴልስ ሰው በየሳምንቱ ሱቃችሁ ይመጣል አይደል? በሚቀጥለው ሲመጣ «የኛ ኮታ በምን ተሰላ? የሚያሰላውስ ማነው?» በለው። ብዙ ጊዜ ማንም ስለማይጠይቃቸው ደስ ብሏቸው ያወራሉ። የዚያን ሰው ኢሜይል ተቀበል። ሲቪህ ላይ ደግሞ «ካሸር» ብለህ ብቻ አትለፈው። «የውስን ምርት ቢራዎችን የመጣበትንና ያለቀበትን ቀን ተከታትዬ ለባለቤቱ የትእዛዝ መጠን ሐሳብ አቅርቤያለሁ» በል። ይህን የምትጽፈው ግን ሠንጠረዡን በእውነት ከሠራኸው ብቻ ነው። ስትጨርሰው ላክልኝ፣ አየዋለሁ።