«ከማን ጋር ሲነጻጸር?»፦ ስለ ኑሮ፣ ሥራና ቁጥር ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው መላሽ ከዚህ የውይይት ቡድናችን አባላት አንዱ ናቸው። ሁላችንም «ጋሽ ናሙና» እያልን የምንጠራቸው። ገጠር ከተማ ሳይሉ የቤተሰብ ጥናት መጠይቅ ይዘው ሲዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ርዕሳችን የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት የዛሬን ፖለቲካና ኢኮኖሚ ለመረዳት ምን ያግዘናል የሚል ነው። ጠይቋቸው።

ጋሽ ናሙና፦ እሺ። ቀድሜ ልናገር፣ «ምርጫውን ማን ያሸንፋል» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም።

የሸገር ልጅ፦ ጋሼ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ግን የምር ሳይንስ ነው?

ጋሽ ናሙና፦ ነው። ቀጥሎ።

እመቤት፦ ጋሽዬ፣ በዜና የዋጋ ንረት ቀነሰ ይላሉ። እኔ ገበያ ስወጣ ዘይቱም ሽንኩርቱም ጨምሮ ነው የማገኘው። ማን ነው የሚዋሸው?

ጋሽ ናሙና፦ ማንም ላይዋሽ ይችላል፣ እህቴ። ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ረከሰ ማለት አይደለም። የሚወደድበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 ከመቶ ንረት 130 ብር ይገባል። በዓመቱ ንረቱ ወደ 13 ከመቶ ወረደ እንበል። ዕቃው 147 ብር ገደማ ሆነ። ዜናው «ቀነሰ» ይላል፤ አንቺ 17 ብር ጨምረሽ ትገዢያለሽ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ሌላም አለ። ዓመታዊው ንረት የሚሰላው ከዓምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዓመቱ ሲዞር ንጽጽሩ ቀድሞ ከተወደደው ዋጋ ጋር ይሆናል። ጭማሪው ቢያንስ ምን ይገርማል? ስለዚህ ቁጥር ስትሰሚ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይሄን ነው፦ ከምን ጋር ሲነጻጸር? ደግሞ ስሌቱ የአማካይ ቤተሰብ ነው፤ ከግማሽ በላይ ክብደቱም ምግብ ነው። የደመወዟን ግማሽ ለቤት ኪራይ የምታወጣ ልጅ ኑሮዋ በዚያ አማካይ ውስጥ አይታይም።

ቆቁ፦ በአጭሩ መረጃው ውሸት ነው እያሉን ነው?

ጋሽ ናሙና፦ የቱ ጋ ነው እንደዚያ ያልኩት?

ኢኮ 3ኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ ወጣቱን ፋብሪካ ማስገባት ከድህነት ያወጣዋል ይባላል። ጥናት ምን ይላል?

ጋሽ ናሙና፦ ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ አገራችን ሞክረውታል። አምስት ድርጅቶች ሠራተኛ ሊቀጥሩ ነው። ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾች አሉ። ብቁ ከሆኑት መካከል ዕጣ ወጣ። አንዱ ቡድን ሥራውን አገኘ። ሌላው ወደ 300 ዶላር ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም።

ዕጣው ለምን አስፈለገ? ፋብሪካ የገባውንና ያልገባውን ዝም ብለህ ብታወዳድር ልዩነቱ የፋብሪካው ይሁን የሰውየው አታውቅም። ትጉው፣ ዘመድ ያለው፣ የተማረው ቀድሞ ይገባል። በዕጣ ሲሆን ግን ከዕድል በቀር ቡድኖቹን የሚለይ ነገር የለም።

ውጤቱ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነበር። ሥራውን ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። በዓመቱ 77 ከመቶ የሚሆኑት ያን ሥራ ትተውታል። ገቢያቸው ምንም ካላገኙት አልበለጠም። የጤና ችግር ግን በረከተባቸው። ገንዘብ የተሰጣቸው በዓመቱ ገቢያቸው 33 ከመቶ ጨመረ። እዚህ ላይ ቆመህ «ፋብሪካ መርዝ ነው፣ ገንዘብ መድኃኒት ነው» ብለህ እንዳትለጥፍ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ሦስቱም ቡድን ተቀራርቧል።

ቆቁ፦ ታዲያ ጥናቱ ምን ጠቀመ? ዞሮ ዞሮ ምንም አልተለወጠም።

ጋሽ ናሙና፦ ፋብሪካ ስለተከፈተ ብቻ የሠራተኛው ኑሮ ተለወጠ የሚለውን ሪፖርት እንዳታምን ጠቀመህ። ያነሰ ነው?

ኮንዶሚኒየም ጠባቂ፦ እኛ በ1997 ተመዝግበን ዛሬም እየጠበቅን ያለነውንስ ማን አጠናን?

ጋሽ ናሙና፦ አጥንተዋችኋል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለተመራማሪ እንደተዘጋጀ ሙከራ ነው። ሳይመን ፍራንክሊን የሚባል ሰው ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን አዲስ አበባ ላይ አወዳድሯል። ብዙዎቻችን «ዳር ከተማ የሄደ ሰው ሥራው ይበላሽበታል» እንል ነበር። ሥራና ገቢ ላይ ለውጥ አልታየም። ቤቱ ተሻሽሏል። የላላው የጎረቤት ግንኙነት ነው።

የሰፈር ሰው፦ ልክ ነው! ጀሞ ከገባን ወዲህ ቡና የሚጣራ ጎረቤት የለም።

ኮንዶሚኒየም ጠባቂ፦ አንተ ደርሶህ ቡና አነሰኝ ትላለህ? እኔ ኪራይ እየከፈልኩ ነው።

የሰፈር ሰው፦ ወንድሜ፣ እኔም እኮ የባንክ ዕዳ አለብኝ።

አስተባባሪ፦ ሁለታችሁም በውስጥ መስመር ቀጥሉ።

ዲሲ ነኝ፦ ጋሽ ናሙና፣ እኔ እዚህ ቡድን ላይ የሕዝብ አስተያየት ሰብስቤ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው መልሷል። አብዛኛው አገሩ በትክክለኛ አቅጣጫ ላይ አይደለችም ብሏል። ይሄ ጥናት አይባልም?

ጋሽ ናሙና፦ አይባልም። ስልክ ያለው፣ ዳታ ያለው፣ ቡድንህ ውስጥ ያለ፣ ያውም የተናደደ ሰው ነው የመለሰልህ። ሚሊዮን ቢሞላም ያው ነው። በአግባቡ የተመረጡ ሁለት ሺህ ሰዎች ይበልጡታል።

ዲሲ ነኝ፦ የዲያስፖራ ድምፅ አይቆጠርም ማለት ነው?

ጋሽ ናሙና፦ ስለ ድምፅ አልተናገርኩም። ስለ ናሙና ነው፤ መላሾቹ እንዴት እንደተመረጡ። ቀጥሎ።

የወሎ ልጅ፦ ጥናት የፖለቲካ አስተሳሰብ ቀይሮ ያውቃል? ወይስ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው?

ጋሽ ናሙና፦ ያንተው አገር ምሳሌ ነው። የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን አጥንቶታል። ሁሉም «ድርቅ ነው፣ እህል ጠፋ» ነበር የሚለው። ሴን ሲያየው በአገር ደረጃ የእህል ምርት ያን ያህል አልወደቀም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። የጠፋው የመግዣ አቅም ነው። ከብቱ አለቀ፣ የተረፈውም ዋጋ አጣ። ለተቸገረ ሰው ስንዴ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ጉልበት ያገኘው ከእንዲህ ያለ ክርክር ነው። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የሚውለው የድጋፍ ፕሮግራም፣ እህልም ገንዘብም ሲሰጥ ቆይቷል።

የወሎ ልጅ፦ ይቅርታ ግን ጋሼ፣ ወሎ ውስጥ እኮ ምርት ጠፍቶ ነበር። መንገድ በሌለበት አገር ሌላ ቦታ እህል መኖሩ ምን ይረባል?

ጋሽ ናሙና፦ ጥሩ ነጥብ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎችም በዚሁ ሞግተውታል።

ቆቁ፦ ችግሩ ምርትም ገበያም አይደለም። ንጉሡ ደብቀውት ነው!

ታሪክ ወዳድ፦ ደርግስ በ77 አልደበቀም? ለአሥረኛው ዓመት በዓል ሲደግስ?

አስተባባሪ፦ ወደ ርዕሱ። ወደ ርዕሱ!

ቁጥር ጠላ፦ እሺ የኔ ጥያቄ። ድህነት በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 ከመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 ከመቶ ወረደ ይባላል። ያምኑበታል?

ጋሽ ናሙና፦ አቅጣጫውን አምናለሁ። ነጥብ አምስቷን አልምልባትም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ እዚህ ላይ ካስጀመርከኝ አታቆመኝም።

ድህነት የሚለካው ቤተሰቡ የበላውንና ያወጣውን በመጠየቅ ነው። «ባለፉት ሰባት ቀናት ምን በላችሁ?» ትላለህ። ዐቢይ ጾም ላይ ብትጠይቅ ሥጋውም ወተቱም ዜሮ ይመጣል። ፋሲካ ማግስት ብትመጣ ያው ቤት ሀብታም ይመስላል። ለዚህ ነው ጥሩ ጥናት ዓመቱን ሙሉ ተበትኖ የሚካሄደው። መላሹ ማን ነው? አባወራውን ብትጠይቀው ስለ ጤፍ ይነግርሃል። ስለ ጨውና በርበሬ ሚስቱ ናት የምታውቀው። መለኪያውስ? «ሁለት ቁና ሸጥኩ» ይልሃል። የአንዱ ወረዳ ቁና ከጎረቤቱ አይገጥምም። እኛ ሚዛን ይዘን ገበያ እየገባን ቁናውን አስሞልተን እንመዝን ነበር። ነጋዴዎቹ የግብር ሰዎች መስለናቸው ይሸሹን ነበር።

መሬትም እንደዚሁ ነው። ኢትዮጵያ፣ ታንዛንያና ናይጄሪያ ውስጥ ገበሬው በቃሉ የነገራቸውን ስፋት በገመድና በኮምፓስ፣ በጂፒኤስም እየለኩ አነጻጽረውታል። ትንሽ ማሳ ያለው አስፍቶ ይናገራል። ትልቅ ያለው አሳንሶ። ስፋቱ ከተሳሳተ ምርት በሄክታር የሚባለው ሁሉ ይሳሳታል። ከዚያ ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ ዕቅዱ በዚያ ላይ ይቆማል። ሚኒስትሩ ስላይድ ላይ ያለችውን ቁጥር ሲያነብ ከኋላዋ ገመድ የያዘ ልጅ መኖሩን አትርሳ።

ቁጥር ጠላ፦ ስለዚህ ውሸት ነው።

ጋሽ ናሙና፦ ወይ ጉድ! ስህተት ያለበት ቁጥርና ውሸት አንድ አይደሉም። ለሦስተኛ ጊዜ አልመልሰውም።

የሸገር ልጅ፦ ስንት ነን ግን አሁን? 120 ሚሊዮን? 130?

ጋሽ ናሙና፦ የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ቀጣዩ ደጋግሞ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ የምትሰማው ሁሉ ግምት ነው።

ቆቁ፦ ለምን ተራዘመ? ፖለቲካ አይደለም?

ጋሽ ናሙና፦ የበጀት ድልድልም የወንበር ቁጥርም ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲያያዝ ቆጠራ የማን ጉዳይ ይሆናል? ከዚህ በላይ አልገባም።

ኢኮ 3ኛ ዓመት፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። የመመረቂያ ጽሑፌን ከዐረብ አገር የሚላክ ገንዘብ በቤተሰብ ኑሮ ላይ ስላለው ተጽዕኖ ልሠራ አስቤ ነበር። ልጅ የላኩና ያልላኩ ቤተሰቦችን ላወዳድር?

ጋሽ ናሙና፦ ምሽቱን ሙሉ ምን ስል ነበር? ልጅ የላከ ቤት ለደላላ የሚከፍለው ያገኘ ቤት ነው። ወይ ተበድሯል፣ ወይ በሬ ሸጧል። ያልላከው ከመነሻውም ሌላ ቤት ነው። ብታወዳድር የመነሻውን ልዩነት የሪያል ውጤት አድርገህ ትጽፈዋለህ።

እንዲህ አድርግ። ሁሉም ልጅ የላኩ ቤቶችን ያዝ። ከነሱ ውስጥ ልጃቸው ሳይታሰብ የተመለሰችባቸውንና እየላከች ያለችላቸውን ለይ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከሳዑዲ በጅምላ የተመለሱ አሉልህ፤ ቤተሰቡ መርጦ አይደለም የተመለሱት። ፍጹም ንጽጽር አይሆንም፣ ግን ካሰብከው ይሻላል። «ስንት ብር ይላካል?» ብለህ በቀጥታ አትጠይቅ፤ ጎረቤት እየሰማ ማንም አይነግርህም። ቆርቆሮው መቼ ተለወጠ፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን ማን ከፈለ ብለህ ጀምር። መጠይቁን ከማባዛትህ በፊትም አምስት ቤት ሞክረው።

ኢኮ 3ኛ ዓመት፦ አማካሪዬ ግን ርዕሱን አጽድቀውልኛል...

ጋሽ ናሙና፦ ርዕሱ ምንም አልሆነም። ንጽጽሩን ቀይረህ ሂድባቸው።