43 ዓመት «ቀልበ ቢስ» ተባልኩ፤ አሁን ንስሐ ስገባ ምን ልበል?

ጥያቄ፦

መምህር እንደምን አሉ? ወለተ ማርያም ነኝ፣ ከሜሪላንድ። ዕድሜዬ 43 ነው። ባለፈው ዓመት የ8 ዓመት ልጄ ተመርምሮ ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። ሐኪሟ ስለ እሱ የምትጠይቀኝ ሁሉ የራሴን ልጅነት ሆነብኝ። ቆይቼ እኔም ተመረመርኩ። ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም (ሐሳብን መሰብሰብና ማስታወስ የሚያስቸግረው) አለብሽ አሉኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አንድ ሰዓት አለቀስኩ። የደስታ ይሁን የሐዘን እስካሁን አላውቅም።

ልጅ ሆኜ ቀልበ ቢስ፣ ዝርክርክ፣ ፈዛዛ እባል ነበር። ንስሐ በገባሁ ቁጥር የምናገረው ያንኑ ነው። ስንፍና፣ ጸሎት ማቋረጥ፣ በቅዳሴ ሰዓት ሐሳቤ መባከን፣ የሰጠሁትን ቃል መርሳት። ታዲያ ይሄ ሁሉ ኃጢአት አልነበረም ማለት ነው? ከእንግዲህ ነፍስ አባቴ ፊት ምን ልበል? መድኃኒት ታዞልኛል፤ ከጸበል ጋር ይሄዳል? በጾምስ እንዴት ላድርግ? እናቴ አገር ቤት ሆና ስትሰማ «አራስ ቤት ብቻሽን ትቼሽ ወጥቼ ለክፎሽ ነው» ብላ ታለቅሳለች። የድምፅ ማጉያውና ዕጣኑ ሲበዛብኝ ቅዳሴ አቋርጬ እወጣለሁ፤ ሰው ይታዘበኛል። ልጄም መቆም አይችልም። ይምከሩኝ።

መልስ፦

እህቴ ወለተ ማርያም፣ ከንስሐው ልጀምር። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ የከበደሽ እሱ ይመስለኛል።

ዓይኑ የደከመ ሰው ዳዊት መድገም ቢያቅተው «ንስሐ ግባ» አንለውም። መነጽር እንፈልግለታለን። ለኃጢአት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሰው እያወቀ፣ መተው እየቻለ የሚያደርገው ነው። አንቺ ጸሎት ጀምረሽ ሐሳብሽ ሲሄድ አልሸኘሽውም። ሳታውቂው ሄደ። ስትነቂ ደነገጥሽ፣ አፈርሽ፣ እንደገና ጀመርሽ። እኔ እዚህ ውስጥ ኃጢአት ፈልጌ አላገኘሁም። ያየሁት ሰባት ጊዜ ወድቃ ሰባት ጊዜ የተነሣች ሴት ነው።

«እስካሁን የተናዘዝኩት ታዲያ ከንቱ ነበር?» እንዳትይ። ቤተ ክርስቲያን በማወቅም ባለማወቅም ለሠራነው ምሕረት ትለምናለች። ያለቀስሽው እንባ የትም አልፈሰሰም። ብቻ ከእንግዲህ ስሙን እናስተካክለው። ወደ ነፍስ አባትሽ ስትሄጂ እንዲህ በያቸው፦ «አባቴ፣ ስንፍና እያልኩ የነገርኩዎት ነገር ከአፈጣጠሬ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሐኪም ነገረኝ። እስቲ የትኛው ድካሜ፣ የትኛው ኃጢአቴ እንደሆነ አብረን እንለይ።» ስለ ኦቲዝም ሰምተው የማያውቁ ከሆነ አይክፋሽ። ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው። አባቶቻችን የማያውቁት ነገር አለ፤ ሲነገራቸው ግን ብዙዎቹ ይሰማሉ።

መነጽሩ ላይ ግን ልመለስ። መነጽር የታዘዘለት ሰው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት «አላይም እኮ» ቢል ያን ጊዜ እንጠይቀዋለን። አንቺም እንደምትረሺ አውቀሻል። ስልክሽ ላይ ማንቂያ ሙይ። ግድግዳ ላይ ጻፊ። ባልሽ ያስታውስሽ። ረስተሽ ጓደኛሽን መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ብታስቆሚያት ደግሞ «ኤዲኤችዲ ስላለብኝ ነው» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ይቅርታ ጠይቂያት። እግሯ የደከመው ያው ነው። ሰውን መናቅ፣ ሐሜት፣ ቂም ካለብሽ እሱን እንደ ማንኛችንም ተናዘዢ። ምርመራው ለእነዚህ ምክንያት አይሆንም።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ብዙ ዓመት ሆነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር አንድ ልጅ ነበር። አይቀመጥም። እግሩን ያወዛውዛል፤ ሳልጨርስ ይመልሳል፤ ወዲያው ደግሞ መስኮት መስኮቱን ያያል። አንድ ቀን በልጆቹ ሁሉ ፊት «አንተ የቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለህም፣ ውጣ» አልኩት። ወጣ። አልተመለሰም። ያንን ሳምንት ያስተማርኩትን ውዳሴ ማርያም በቃሉ የያዘው እሱ ብቻ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። የአንቺን ደብዳቤ ሳነብ ፊቱ መጣብኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ንስሐ የሚያስፈልገው እኔ ነበርኩ።

ለምን እስከ 43 ዓመትሽ ሳይታወቅ ቆየ ብለሽ ሌሊት ሌሊት እንደምታስቢ እገምታለሁ። አንዱ ምክንያት ሐኪሞቹም ዘግይተው መንቃታቸው ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሚመረምሩበት መመሪያ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ አንድ ሰው ላይ አብረው እንዲጻፉ አይፈቅድም ነበር። በዚያ ላይ ሴት ልጅ እንደ ወንዶቹ ካልዘለለችና ካልረበሸች፣ ዝም ብላ በሐሳብ ብትሄድ፣ ማንም አያያትም። አገር ቤት ደግሞ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ብለው በተነሡበት ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ አንቺ ትልቅ ሴት ነበርሽ። አስተማሪዎችሽ ስሙን ከየት ይስሙት?

ሌላም አለ፣ ይሄ የእኔ ግምት ነው። ሐኪሞች ከሚያዩዋቸው ምልክቶች አንዱ ሰው ዓይን አለማየት ነው። እኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን የሰበረች ልጅ ጨዋ ትባላለች! ብዙ የማታወራ ጭምት ናት። ነጠላዋን ጥላ ጥግ የምትቆም ትሑት ናት። ስንቷን ልጅ «እንዴት ያለች ጨዋ» እያልን ጭንቀቷን ሳናይ አልፈናት ይሆን? አሜሪካ ስትመጪ ያው ጠባይሽ ነውር ሆነብሽ። መሥሪያ ቤት «ለምን አታዪኝም?» ተባልሽ። ደከመሽ ብል አልተሳሳትኩም።

ወደ ቅዳሴው እንምጣ። ሐሳብ መባከን የአንቺ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅዳሴያችን እንዲህ ባልተሠራ ነበር። ዲያቆኑን ስሚው እስቲ። «ተንሥኡ ለጸሎት» ይላል። ቆይቶ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ። ደግሞ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። አሁንም «ንነጽር»፤ እናስተውል። ካህኑ ደግሞ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ይላል፤ ልባችሁን ከፍ አድርጉ። ለምን ይደጋግማሉ? የሰው ልብ እንደሚወርድ ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ስለሚያውቁ ነው። ቃጭሉም አለ። ዲያቆኑ በተጣራ ቁጥር «እሺ፣ መጣሁ» ብለሽ ተመለሺ። ምን ያህል ጊዜ እንደሄድሽ አትቁጠሪ። የተመለስሽበትን ያዢ።

ቅዳሴውን ቃል በቃል እንደምታውቂው አልጠራጠርም። እንዳንቺ ያሉ ሰዎችን አይቻለሁ። ቀዳሹ ከግዕዝ ዜማ ወደ ዕዝል ሲያልፍ ከሌላው ቀድመው ይሰማሉ፤ አንድ ቃል ከተዘለለ ይረብሻቸዋል። በየሳምንቱ ያው መሆኑ ሌላውን ያሰለቸዋል፤ እነሱን ያሳርፋቸዋል። ይሄንንም እግዚአብሔር ነው የሰጠሽ።

የግል ጸሎትሽን አሳጥሪው። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፋፍሎ የተቀመጠልን ለዚህም ይጠቅማል፤ የዕለቱን ብቻ በይ። ዳዊቱም 150ውን ባንዴ ልወጣው ካላልሽ አያስፈራም። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ነው። አንድ ንጉሥ ከበዛ አንድ መዝሙር። ቆመሽ ማንበብ ካቃተሽ መቁጠሪያ ያዢና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልሽ ስገጂ። ጣት ሥራ ሲያገኝ፣ ሰውነት ሲንቀሳቀስ፣ ልብ የሚሰበሰብላቸው ሰዎች አሉ። አባቶች በመቋሚያ እየተወዛወዙ፣ በጸናጽልና በከበሮ ሲያመሰግኑ ማን «አርፋችሁ ቁሙ» አላቸው?

መድኃኒቱን ውሰጂ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። በኤችአይቪ ጊዜ ጸበል የያዙ ምእመናን ክኒናቸውን እየጣሉ ሲያልቁ፣ የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. በግልጽ ተናግረዋል፤ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አይጣሉም ብለው። ለአንቺም መልሱ ያው ነው። ጸበል ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ ክኒንሽንም ዋጪ። «መድኃኒቱን ካላቆምሽ አይሠራልሽም» የሚል አጥማቂ ካጋጠመሽ ሌላ ቦታ ሂጂ።

ጾሙ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ለኤዲኤችዲ የሚሰጡት ብዙዎቹ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች መካከል ደግሞ ረኃብና ጥማት ቶሎ የማይሰማቸው አሉ። ሁለቱ ሲደመሩ እስከ ማታ ሳትቀምሺ ውለሽ «ዛሬ ጾሙ በረታልኝ» ትያለሽ። አልበረታልሽም፣ አልራበሽም እንጂ! ስለዚህ በሰዓት ብዪ። ማንቂያ ሞልተሽ፣ ባትፈልጊም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር ሕመምተኛውን እንደ ጤነኛው አያስገድደውም። ጠዋት መድኃኒቱን በምን ትውሰጂው፣ እስከ ስንት ሰዓት ትጹሚ የሚለውን ከሐኪምሽ ሰምተሽ ነፍስ አባትሽ ይወስኑልሽ። ስትቆርቢም እንዲሁ። 18 ሰዓት መጾም ስላለብሽ፣ የእሑዱ ክኒን ከቅዳሴ በኋላ ሊሆን ይችል እንደሆነ አስቀድመሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። በራስሽ አታቋርጪ፣ በራስሽም አታዛውሪ።

ለእናትሽ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ልክፍት አይደለም በያቸው። ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም በአብዛኛው በቤተሰብ የሚወርዱ ናቸው፤ ገና ከመወለድሽ በፊት የነበረ ነው። ልጅሽን እዪው፣ እሱን አራስ ቤት ማን ትቶት ወጣ? ፈረንጆቹም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. «ፍቅር የነፈገች እናት ነች ያመጣችበት» እያሉ እናቶችን ሲያስለቅሱ ኖረዋል። ኋላ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን በደለ? እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ ጌታ የመለሰላቸውን (ዮሐንስ 9) በስልክ አንብቢላቸው። እሳቸውም ማረፍ አለባቸው።

ድምፁና ዕጣኑ ሲበዛብሽ መውጣትሽን ማንም ነውር ሊያደርገው አይገባም። አገር ቤት ስንቱ ሰው ነው ዕድሜውን ሙሉ ከዛፍ ሥር፣ ከቅጥሩ ተደግፎ ያስቀደሰው? ያ ሰው ቅዳሴ አልነበረም አንለውም። በር አጠገብ ቁሚ፣ ከማጉያው ራቂ። ጆሮሽ ውስጥ መድፈኛ አድርጊ፣ በነጠላሽ ሥር ማን ያየዋል። (የእኛም ጥፋት አለበት። ሃምሳ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ የስታዲየም ማጉያ ምን ይሠራል? ሰበካ ጉባኤዎች ይስሙኝ።) ከቅዳሴ በኋላ ያለው መተቃቀፍና መሳሳም ከከበደሽም እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ እጅ ንሺ፤ እንደውም ያማረ ሰላምታ ነው።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ሦስት ሰዓት አቁሜው ልዋል አትበይ። በአሥር ደቂቃ ጀምሪ። መጀመሪያ ግን ሰው በሌለበት ቀን፣ አገልጋዮቹን አስፈቅደሽ ይዘሽው ሂጂ። ጫማውን ራሱ ያውልቅ። ምንጣፉን ይርገጠው። ከበሮውን ይንካው፣ ከፈለገ አንዴ ይምታው። ጸናጽሉን ያንሣው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አሳዪው፣ ስማቸውን ንገሪው። ጆሮውን የሚሸፍንበት ካለው ያጥልቅ። እሑድ ሲመጣ ምን ምን እንደሚሆን በተራ ንገሪው፤ መጀመሪያ ቃጭል፣ ከዚያ ዕጣን፣ ከዚያ ወንጌል። ሲበቃው የሚያሳይሽ አንድ ምልክት ይኑራችሁ፤ ምልክቱን ባሳየሽ ቀን፣ ገና ወንጌል ሳይነበብም ቢሆን፣ እጁን ይዘሽ አብረሽው ውጪ።