በአንድ ነጥብ ያሸነፋቸውን ሰው ጠሩት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በአንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ሦስት ዓመት በምክትል አሰልጣኝነት ሠርቷል። ዋናው አሰልጣኝ ሲለቅ ቦታው ለእኔ ነው ብሎ ጠበቀ። ክለቡ ግን ሌላ ሰው አመጣ። ሰውየው ማን መሰላችሁ? አምና በፍጻሜ ጨዋታ እነሱኑ ያሸነፋቸው አሰልጣኝ!

«ጋሼ፣ ላሸነፈኝ ሰው ኳስ እያቀበልኩ ልኑር? ወይስ ልልቀቅ?» ይላል።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልዞረብኝም። ጥያቄው የቆየ ቁስሌን ነካው። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።

በ1991 የኢትዮጵያ አይሁዶች በአውሮፕላን በተጓጓዝንበት በሰለሞን ዘመቻ እስራኤል ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎንደር እያለሁ በትምህርት ቤታችን የሲሚንቶ ሜዳ፣ መረብ በሌለው ቅርጫት ስንጫወት ነው ያደግነው። እዚህ መጥቼ ቀን ዕብራይስጥ እማራለሁ፣ ማታ ቴል አቪቭ ያድ ኤሊያሁ በሚባለው የስፖርት አዳራሽ ጽዳት እሠራለሁ። ትልልቅ ጨዋታ ሲኖር በሩ ጥግ ቆመን እንድናይ ይፈቅዱልን ነበር። ለእኔ ከደመወዙ እኩል ነበር።

ኤፕሪል 21 ቀን 1994 በዚያ አዳራሽ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። አራት ቡድኖች ነበሩ የመጡት፤ ሁለት ከግሪክ፣ ሁለት ከስፔን። ለፍጻሜ የቀሩት የግሪኩ ኦሊምፒያኮስና ሁቬንቱት ባዳሎና የሚባል ቡድን ናቸው። ባርሴሎናን አውቅ ነበር። ሪያል ማድሪድንም አውቅ ነበር። ባዳሎናን ግን ሰምቼው አላውቅም። ባርሴሎናን በግማሽ ፍጻሜ 79 ለ65 አሸንፈው ሲያልፉ «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» አልን።

ጨዋታው ለዓይን የሚማርክ አልነበረም። የሁለቱ ቡድን ነጥብ ተደምሮ 116 ብቻ ነው። ዛሬ ያንን አንዱ ቡድን ብቻውን ሲያስቆጥር ታያላችሁ። ኳሱን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ያዞራሉ፣ እንደገና ይጠብቃሉ። ሃያ ሰከንድ ያህል ሲቀር ኮርኒ ቶምፕሰን የሚባለው የባዳሎና አሜሪካዊ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ሆኖ ወረወረ። ገባ። 59 ለ57። ከዚያ ኦሊምፒያኮሶች ነፃ ውርወራ አገኙ። የቡድናቸው ኮከብ ዛርኮ ፓስፓሊ ቆመ። ሳተ። አለቀ።

እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማየው የባዳሎናውን አሰልጣኝ ነበር። ወጣት ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ እንደነበር በኋላ አወቅኩ። ፊቱ ቀልቶ ይጮሃል፣ አንዴም አልተቀመጠም። አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ወንበሮቹ ሥር ስጠርግ አረንጓዴና ጥቁር የአንገት ፎጣ አገኘሁ። እስከ ዛሬ አለኝ። ሰውየው ማን እንደሆነና እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደደረሰ ግን ሳላውቅ ዓመታት አለፉ።

ስለ ክለቡ ትንሽ ልንገራችሁ። ባዳሎና ከባርሴሎና አጠገብ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። የፋብሪካ ከተማ፣ የሠራተኛ ከተማ። በ1930 የሰፈር ልጆች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ያኔ አሜሪካዊው አብራሪ ሊንድበርግ አትላንቲክን ብቻውን ያቋረጠባት አውሮፕላን ዝና ገና ትኩስ ነበር። ስሟ ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ ነው። ልጆቹም ማኅበራቸውን «ፔንያ ስፒሪት ኦፍ ባዳሎና» አሉት። ፔንያ ማለት የጓደኛሞች ስብስብ እንደማለት ነው። በኋላ ስሙ ሁቬንቱት ሆነ፤ ትርጉሙ ወጣትነት ነው። የከተማው ሰው ግን አሁንም «ላ ፔንያ» ነው የሚለው። የስፔን ሊግ በ1957 ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልወረደም። እንዲህ የሚባልላቸው ዛሬ ሁለት ክለቦች ብቻ ናቸው፤ እሱና ሪያል ማድሪድ።

በ1991 እና በ1992 ተከታትለው የስፔን ሻምፒዮን ሆኑ። በ1992 የአውሮፓ ፍጻሜ ደረሱ፤ ኢስታንቡል ላይ። ተጋጣሚያቸው የቤልግሬዱ ፓርቲዛን ነው። በአገራቸው በዩጎዝላቪያ ጦርነት ስለነበር ፓርቲዛኖች የሜዳቸውን ጨዋታ እዚያው ስፔን፣ ፉዌንላብራዳ በምትባል ከተማ እንዲጫወቱ ተደርገው ነበር። የስደት ሜዳ ማለት ነው። አሰልጣኛቸው ከጥቂት ወራት በፊት ራሱ የቡድኑ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ቶማስ ጆፍሬሳ አስቆጠረና ባዳሎና 70 ለ68 መራ። የፓርቲዛኑ ሳሻ ጆርጄቪች ኳሱን ይዞ ሜዳውን በሩጫ አቋረጠ። ተከላካይ ላዩ ላይ እያለ ዘሎ ሦስት ነጥብ ወረወረ። 71 ለ70። ባዳሎናዎች በአንድ ነጥብ ዋንጫውን አጡ።

በዚያው ክረምት ኦሎምፒክ ባርሴሎና ነበር። የቅርጫት ኳሱ ውድድር የተካሄደው እዚያው ባዳሎና፣ ክለቡ ዛሬም በሚጫወትበት አዳራሽ ነው። ጆርዳንና ማጂክ ጆንሰን የተጫወቱበት። እኔ ግን ያኔ ልቤ ሌላ ጋ ነበር። ኦገስት 7 ማታ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ሃያ የምንሆን ሰዎች በአንዲት ጠባብ ካራቫን ውስጥ ተጨናንቀን እናያለን። እናቶች እልል አሉ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን መሬት ሳሙ። ደራርቱ ከጨረሰች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያን ምስል እስከ አሁን አልረሳሁትም። ግን ልብ በሉ፤ ስናይ የነበረው ደራርቱን ነው። ተሸንፋ እጇን የሰጠችውን ሴትዮ ማናችንም አላየናትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ2002 የስፖርት መምህር ሆኜ ነበር። በደቡብ በኩል ባለች ከተማ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆችን አሰለጥናለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ናቸው፤ አብዛኞቹ የኛው ልጆች። ጫማ የሌለው አለ፣ ምሳ ሳይበላ የሚመጣ አለ። በዚያ ዓመት ግን እንደ እሳት ነበሩ። የወጣቶች ሊግ ፍጻሜ ደረስን። አሥራ አንድ ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ እየመራን ነው። ኳሱም የኛ ነው፤ ከጎን መስመር ማስገባት ብቻ ነው የቀረን። የተቃራኒው አሰልጣኝ ሁለት ጣቱን ወደ ላይ አነሳ። ወዲያው ሁለት ልጆቹ የኔን ኳስ ተቀባይ ማዕዘን ላይ አጣበቁት። ነጠቁት። አገቡ። 48 ለ47።

አንጀቴ ቅጥል አለ።

ሰውየው ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ከሶቭየት ኅብረት የመጣ ነው። ዕብራይስጡ እንደ እኔው የተሰባበረ። እጄን ጨበጠና ሳይለቀኝ እንዲህ አለኝ፦ «ልጆችህ ከልጆቼ ይፈጥናሉ። ግን ኳስ ስታስገቡ ሁልጊዜ ወደ አንድ ማዕዘን ነው የምትሄዱት። ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን እንለማመድ፣ አሳይሃለሁ። ያ ረጅሙ ልጅ ደግሞ ሲወረውር ክርኑ ይከፈታል። ሁለት ወር ስጠኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

እኔ የሰማሁት ስድብ ነው። ይህን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። በእነዚያ ዓመታት እንዴት እንደምንበላ፣ እንዴት እንደምንለብስ፣ ልጆቻችንን እንዴት እንደምናሳድግ የማይነግረን ሰው አልነበረም። ገና ስገባ አንድ ጸሐፊ ሳትጠይቀኝ ስሜን በዕብራይስጥ ስም ቀይራ ጽፋልኛለች። እናም ያ ሰውዬ «አሳይሃለሁ» ሲለኝ የታየኝ እሱ አልነበረም። ያቺ ጸሐፊ ነበረች። «አያስፈልገንም» ብዬው ሄድኩ።

ቢበቃኝ ጥሩ። ረጅሙ ልጅ ነገሩን ሰምቶ ነበር። በሳምንቱ መጣና «ጋሼ፣ ማክሰኞ እዚያ ሄጄ ልሞክር?» አለኝ። «እንዳትሄድ» አልኩት። ከወር በኋላ እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና እምቢ አልኩ። ልጁ ጨዋ ነው። እናቱም «ጋሼ ካሉ በቃ» ብላ ነው ያሳደገችው። አልሄደም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጨዋታ በዚያችው ማዕዘን ተነጠቅን። የልጁም ክርን እንደተከፈተ ቀረ። ከበላይ ያሉ ቡድኖች ሲሞክሩት አልወሰዱትም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ኳስ ተወ።

የኔን ኩራት የከፈለው እሱ ነው። ያንን እንዳልል የሚያደርገኝ ምንም ሰበብ የለኝም።

በ2007 የግሪኩ ፓናቲናይኮስ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን ጋዜጣ ላይ የአሰልጣኙን የዋንጫ ዝርዝር አነበብኩ። ዜልኮ ኦብራዶቪች። 1992፣ ፓርቲዛን። 1994፣ ባዳሎና። ፎቶውን ሳየው አወቅኩት፤ ያ ፊቱ የሚቀላው ሰው ነው። ቆም ብዬ ዓመቶቹን ደግሜ አየሁ። በ1992 ባዳሎናን በአንድ ነጥብ ያሸነፈው ፓርቲዛን አሰልጣኝ እሱ ነበር! የተባበሩት መንግሥታት በዩጎዝላቪያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ፓርቲዛን ከአውሮፓ ውድድር ታገደ። ዋንጫውን እንኳን ሊከላከል አልቻለም። በ1993 ባዳሎናዎች ሰውየውን ጠሩት። በቡድኑ ውስጥ እነ ቪላካምፓ፣ እነ ጆፍሬሳ ወንድማማቾች፣ ያው ቶምፕሰንም ነበሩ። ኢስታንቡል ላይ የተሸነፉት ራሳቸው። የመጀመሪያውን ልምምድ ጠዋት ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ያ ሰው ፊሽካ አንጠልጥሎ ሲገባ ምን ተሰማቸው? ግን ሠሩ። በዓመቱ ዋንጫውን አነሱ። እኔም መጥረጊያ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ዓይኔ ሥር የተደረገውን ነገር ለማወቅ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ። አትልቀቅ። ቢያንስ አንድ ዓመት። ስለ ሲቪ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነት አልነግርህም፣ እሱን ታውቀዋለህ። ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል፤ የዛሬ ልጆች ጨዋታ አታዩም። ስልክ ላይ የአሥር ሰከንድ ቁራጭ ታያላችሁ። የጆርጄቪችን ውርወራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ያየ የለም። ሰውም እንደዚያው ነው የምታዩት። ቅር ካሰኛችሁ ብሎክ፣ በቃ። በሌላ በኩል ደግሞ እናንተ ትጠይቃላችሁ። እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ ለማላውቀው ሽማግሌ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ መልቀቅ ኃጢአት አይደለም። ኦብራዶቪች ራሱ ባዳሎና የቆየው አንድ ዓመት ነው። ወደ ሪያል ማድሪድ ሄዶ በ1995 እንደገና ዋንጫ አነሳ። ስፔናዊው ተጫዋች ሪኪ ሩቢዮ በባዳሎና ማሊያ በስፔን ሊግ ሲሰለፍ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ በ2008 ከክለቡ ጋር የስፔንን የንጉሡን ዋንጫና ዩሌብ የሚባለውን የአውሮፓ ሁለተኛ ደረጃ ዋንጫ አነሳ፤ ከዚያ ለቀቀ። ክለቡም ልጅ ማሳደጉን አልተወም፣ በ2018 ዕዳ ሊዘጋው ደርሶም ቢሆን። እኔም ሁለት ሥራ ለቅቄያለሁ፤ በሁለቱም አልተጸጸትኩም። ስለዚህ አትልቀቅ ያልኩህ ለዘላለም አይደለም። በተሸነፍክ ማግስት አትልቀቅ ነው የምልህ። የሚያውቀውን ሳትወስድ አትሂድ።

ጋዜጣውን ባነበብኩ በሁለተኛው ሳምንት ያን ሩሲያዊ ፈልጌ ሄድኩ። ማክሰኞ ቀን ነበር። ጡረታ ወጥቷል፣ ግን እዚያው ሜዳ ላይ ትንንሽ ልጆች ያለማምዳል። ለምን ዘገየህ አላለኝም። ሻይ ቀዳልኝ። ወረቀት አውጥቶ ያቺን ማዕዘን ሣለልኝ። ሁለቱ ልጆቹ ከየት እንደመጡ፣ የኔ ልጅ የት መቆም እንደነበረበት አሳየኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ልነሳ ስል እጁን ከፍ አድርጎ እንደ ወርዋሪ አጠፈውና፣

«ያ ረጅሙ ልጅስ? ክርኑ ተስተካከለለት?» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ።

አዲሱ አሰልጣኝ እሑድ ሥራ እንደሚጀምር ጽፈህልኛል። ቀድመህ ግባ። ያን የፍጻሜ ጨዋታ ሲያሸንፋችሁ ምን አይቶባችሁ እንደነበር ጠይቀው። የነገረህን ጻፍልኝ፣ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።